ምጣዱ የማን ነው? (ስለ ፓተንትና ስለ ንግድ ምልክት ከማዕድ ቤት የተወሰደ ትምህርት)

በአንድ የገበያ ቀን ለቤታችን ምጣድ ልገዛ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቼ ነበር። ምጣድ መምረጥ የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ብድግ አድርጎ በጣቱ ቋቋ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ግን አንድ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። እኔም እንዲሁ እያደረግሁ ከአንዲት አረጋዊት ሸክላ ሠሪ ፊት ደረስሁ። «እናቴ፣ ዐምና ከዚህ የገዛነው ምጣድ እስከ ዛሬ አልከዳንም። የእርስዎ ሥራ እንደ ሆነ ግን በምን ልወቅ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «እኔን ፈልገኝ እንጂ ልጄ፣ ምጣዱማ ምን አፍ አለው!» አሉኝ።

ይህች አጭር መልስ ስለ ጉዳዩ ከተጻፈው ከብዙ ገጽ ይልቅ ነገሩን አጥርታ ታሳያለች። ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው «ይህን ብልሃት ያገኘው ማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህን ዕቃ ሠርቶ ለገበያ ያወጣው ማን ነው?» የሚል ነው። ለፊተኛው ጥያቄ ሕግ የሚሰጠው መልስ ፓተንት ይባላል፤ ለኋለኛው የሚሰጠው መልስ የንግድ ምልክት ይባላል። ከመካከላችን ሁለቱን አንድ አድርጎ «ስሙን አስመዝግቤአለሁና ፈጠራዬን የሚነካው የለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ግን ብርቱ ስሕተት ነው። ስም ያስመዘገበ ሰው ብልሃቱን አላስጠበቀም፤ ፓተንት ያወጣም ሰው ስሙን አላስጠበቀም። በማዕድ ቤት ዕቃ ላይ ምርምር የምታደርጉ የምሕንድስና፣ የቤት ኤኮኖሚና የንግድ ተማሪዎች ሁሉ ይህን ልዩነት ሳታውቁ የድካማችሁን ፍሬ እንዳታጡ፣ ከምጣድ፣ ከፔርሙዝና ከምድጃ ምሳሌ እየወሰድን ጥቂት እንማር። (በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልነው በእኛ፣ እ.ኤ.አ. ያልነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

፩ኛ፤ የፔርሙዝ ታሪክ

በየቤታችን ቡናና ሻይ የሚቀመጥበት ፔርሙዝ ሁለቱንም ትምህርት በአንድነት ይዟል። ጄምስ ዲዋር የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ሊቅ በ1892 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለምርምር ሥራው ባለ ሁለት ግድግዳ ጠርሙስ ሠራ። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለውን አየር መጥጦ ስላወጣው ሙቀት በቀላሉ የሚሻገርበት መንገድ አጣ፤ የቀዘቀዘው እንደ ቀዘቀዘ፣ የሞቀውም እንደ ሞቀ ቆየ። ዲዋር ግን በዚህ ጠርሙስ ላይ ፓተንት አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ራይንሆልድ ቡርገር የሚባል ጀርመናዊ የመስታወት ሥራ ባለሙያ ያንኑ ጠርሙስ በብረት ልባስ ውስጥ አድርጎ ለቤት አገልግሎት እንዲመች አሻሽሎ በ1903 እ.ኤ.አ. ፓተንት አወጣበት። በ1904 እ.ኤ.አ. «ቴርሞስ» የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ዲዋር ቢከስም አልተሳካለትም። ክብሩ ለሊቁ ቀረለት፤ ትርፉ ግን ወደ ሌላ ቤት ገባ።

የስሙ ዕድል ደግሞ የተለየ ነው። ሕዝቡ ሙቀት የሚይዘውን ጠርሙስ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ «ቴርሞስ» ይለው ጀመር። በመጨረሻም በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቃሉ የዕቃው የወል ስም ሆኗል ብሎ ተፎካካሪው ድርጅት በተወሰነ አኳኋን እንዲጠቀምበት ፈቀደ። እንግዲህ ፓተንት በዘመኑ ብዛት ያልቃል፤ ስም ግን ከዝናው ብዛት የተነሣ ሊጠፋ ይችላል። እኛም «ፔርሙዝ» ስንል ስለ አንድ ድርጅት እንደማናስብ ሁሉ፣ «ቡታጋዝ» ስንልም በፈረንሳይ አገር የጋዝ ሻጭ ድርጅት የንግድ ስም መጥራታችንን ከቶ አናስበውም።

፪ኛ፤ ፓተንት የሚሰጠው ለምን ዓይነቱ ነገር ነው?

በብዙ አገሮች ሕግ አንድ ፈጠራ ፓተንት ለማግኘት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አዲስ መሆን አለበት፤ የሙያው ሰው ሁሉ ወዲያው ሊያስበው የሚችለው ተራ ነገር መሆን የለበትም፤ በእጅ ሥራም ሆነ በፋብሪካ ተሠርቶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ያከራክራል። ቴፍሎን የሚባለው የማይጣበቅ ነገር በ1938 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮይ ፕላንኬት በተባለ ኬሚስት የተገኘ ነው። የአሉሚኒየም መጥበሻም የታወቀ ነበር። ዳሩ ግን ምንም ነገር የማይጣበቅበትን ቴፍሎን ከአሉሚኒየም ጋር ማጣበቅ ራሱ ችግር ነበር። ማርክ ግሬጓር የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1954 እ.ኤ.አ. ይህን የማያያዝ ብልሃት አገኘ፤ ሚስቱ በወጥ ቤት መጥበሻ ላይ እንዲሞክረው እንዳሳሰበችው ይነገራል። በ1956 እ.ኤ.አ. «ቴፋል» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ ስሙም ከቴፍሎንና ከአሉሚኒየም የተገጣጠመ ነው። እንግዲህ ሁለት የታወቁ ነገሮችን በማገናኘትም ፈጠራ ይገኛል፤ የማገናኛው መንገድ ራሱ አዲስና ያልተገመተ ከሆነ ነው።

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳየው ጉዳይ ወደ ራሳችን ሌማት ይመልሰናል። አንድ የሆላንድ ድርጅት በ1997 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በጤፍ ለመጠቀም ስምምነት ተፈራርሞ ነበር። ይኸው ወገን ጥር 1999 ዓ.ም. (በ2007 እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄትና ከእርሱ በሚጋገሩ ምግቦች ላይ ፓተንት ተሰጠው። የፓተንቱ ዋና ሐሳብ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ፣ በሚፈጭበት ጊዜ በመለኪያ የተወሰነ ደረጃ ላይ መድረስ አለበት የሚል ነበር። እናቶቻችን «ይህ ጤፍ ውኃ ያነሣል፤ ያኛው ገና ነው» ሲሉ የሰማ ሰው ይህ ነገር ፈጠራ ተብሎ ሲጻፍ ቢገረም አይፈረድበትም። ድርጅቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌሎች እጅ ተላልፎ ቆየ። በመጨረሻ ኅዳር 2011 ዓ.ም. (በ2018 እ.ኤ.አ.) የሔግ ፍርድ ቤት የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ በሆላንድ ውስጥ የነበረውን ፓተንት ሻረው።

ልብ በሉ፦ ፍርዱን ያስገኘው የሁለት የሆላንድ ነጋዴዎች ክርክር እንጂ የእኛ ክስ አልነበረም። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የቆየ የእናቶች ዕውቀት በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ በሩቅ አገር ያለ መርማሪ «ይህ ቀድሞ የታወቀ ነው» ብሎ የሚጠቅሰው ማስረጃ ያጣል። ስለዚህ በየወረዳችን ያለውን የምጣድ፣ የምድጃና የእህል አያያዝ ብልሃት መዝግቦ በጥናት መጽሔት ማሳተም ራሱ አንድ ዓይነት ጥበቃ ነው።

፫ኛ፤ በአገራችን ሕግ ምጣድ ሲመዘን

በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ይባላል። እያንዳንዱን ወገን በምጣድ ላይ እንመልከት።

ሀ/ የሸክላ ምጣድ። አፈሩን መርጦ፣ ነፍቶ፣ ከተፈጨ ገል ጋር ለውሶ፣ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽቶና አድርቆ መተኮስ፣ ከዚያም በጎመን ዘር ማሟሸት፣ ይህ ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥበብ ነው። ማንም ፓተንት ሊያወጣበት አይችልም፤ የሁሉም ነው።

ለ/ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ይህም ዛሬ የታወቀ ነገር ነው። ስድሳ ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ካለው ሸክላ በስተታች እንደ ቀንድ አውጣ የሚዞር ቦይ ይፈለፈላል፤ በቦዩ ውስጥ የሚግለው ሽቦ ይተኛና ይሸፈናል። የተለመደው ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል መሆኑ ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ በአንድ ማለዳ ብዙ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ለምን እንደሚደክም ከዚህ ይታወቃል። ሸክላ ሙቀትን በዝግታ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ብዙው ሙቀት ወደ ላይ ወደ እንጀራው ከመውጣት ይልቅ ወደ ታችና ወደ ጎን ይባክናል። እንግዲህ ለፈጣሪ ሰፊ ሜዳ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሸክላውን ማሳሳት፣ ከሥሩ ሙቀት የሚያግድ ነገር ማድረግ፣ ሊጡ ሲፈስና አክንባሎው ሲደፋ የሚያስፈልገውን ሙቀት ለይቶ መቈጣጠር።

ሐ/ እንዲህ ያለው ማሻሻያ ምን ያገኛል? በእውነት በዓለም ሁሉ አዲስና ያልተገመተ ከሆነ ፓተንት ያገኛል፤ ዘመኑም 15 ዓመት ሆኖ፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። እስከዚያ ደረጃ ባይደርስ አዋጁ «አነስተኛ ፈጠራ» ለሚለው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል። ይህ ለእኛ ለተማሪዎችና ለባለ እጆች የተሠራ በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚጠይቀው ነገሩ በአገር ውስጥ አዲስ መሆኑንና የሚያገለግል መሆኑን ነው፤ ዘመኑ 5 ዓመት ሲሆን ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። የታወቀውን ዕቃ ቅርጽ፣ መጠን ወይም የተሠራበትን ነገር መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ለውጡ የዕቃውን ባሕርይ ወይም አገልግሎት መለወጥ አለበት። ክቡን ምጣድ አራት ማዕዘን ያደረገ ሰው ምንም አልፈጠረም። በሁለት ንብርብር ሸክላ መካከል የአየር ክፍተት ትቶ በዚያው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ብዙ እንጀራ ያስጋገረ ሰው ግን አንድ ነገር አድርጓል።

መ/ የዕቃውን መልክ ብቻ አሳምሮ አዲስ ያደረገ ሰው፣ ለምሳሌ ያህል የጀበናን አንገትና እጀታ ባልታየ አኳኋን የነደፈ እንደ ሆነ፣ የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ይህም 5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ በየ5 ዓመቱ ሊራዘም ይችላል።

ሠ/ በመጨረሻም «አስገቢ ፓተንት» የሚባል አለ። በውጭ አገር ፓተንት የወጣበትን፣ በኢትዮጵያ ግን ያልተመዘገበውን ፈጠራ አምጥቶ በአገር ውስጥ በሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት ይሰጣል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙዎቻችን የማናስበው ሐቅ አለ። ፓተንት ድንበር አለው፤ በሆላንድ የተሰጠ ፓተንት በጎጃም ላይ አይሠራም። ደግሞም ፓተንት የሚሰጠው ፈጣሪው ምስጢሩን ከነሥዕሉ በግልጥ እንዲጽፍ በማድረግ ነው። ስለዚህ በዓለም ያሉት የፓተንት መዛግብት ለተማሪ ትልቅ ነጻ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ዘመኑ ያለፈበትን ማንኛውንም ምድጃ፣ ወይም እዚህ አገር በፓተንትም ሆነ በአስገቢ ፓተንት ያልተያዘውን፣ አንብበን በደብረ ማርቆስ ሠርተን በአገር ውስጥ ብንሸጥ የሰው ንብረት አልነካንም።

፬ኛ፤ ለምጣዱ አፍ ስለ መስጠት

አሁን ወደ አረጋዊቷ እንመለስ። እኚህ እናት ፓተንት የሚያስፈልጋቸው አይደሉም፤ ጥበቡ የሁሉም ነውና። የጎደላቸው ምጣዱ ስለ እርሳቸው የሚናገርበት አፍ ነው። የንግድ ምልክት ይኸው ነው። ነጋዴ መጥቶ ሃያ ምጣድ በአንድነት ሲጭን የእርሳቸው ጠንካራ ሥራ ከሌላው ደካማ ሥራ ጋር ይደባለቃል፤ ሌላ ከተማ የደረሰው ገዢም «የጎጃም ምጣድ» ይላል እንጂ የእገሊት ምጣድ አይልም። ደኅና የሠራ ሰው ከክፉ ሠሪ በምንም የማይለይ ከሆነ፣ በደኅና የሚሠራበት ምክንያት እየጠፋ ይሄዳል።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ለተመዘገበ ምልክት 7 ዓመት ይሰጣል፤ ይህም በየ7 ዓመቱ እየታደሰ ሊቀጥል ይችላል። ፓተንትና ምልክት የሚለያዩበት ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፦ ፓተንት ቢወደድም ያልቃል፤ ምልክት ግን ባለቤቱ እስከ ሠራበትና እስከ አሳደሰው ድረስ ይኖራል።

ለምልክት የሚመረጠው ቃል ግን የዕቃው ስም ወይም ማሞገሻ ብቻ መሆን የለበትም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን እንመልከት። ብዙዎቹ እንጀራ የሚጋግሩት 16 ኢንች ስፋት ባለው፣ በአዮዋ ክፍለ ሀገር ቤተኒ የተባለው ድርጅት በሚሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይህ ዕቃ አስቀድሞ የታሰበው ሌፍሴ ለሚባለው የኖርዌይ ስስ ቂጣ ነበር። በኋላም ዋስ የተባለው ድርጅት «ዲጂታል ምጣድ» ብሎ ለእንጀራ ጋጋሪ የተዘጋጀ ዕቃ አወጣ። በዚህ ስም ውስጥ የድርጅቱ ንብረት ሊሆን የሚችለው «ዋስ» የሚለው ነው፤ «ምጣድ» የሚለው ቃል ግን ለእኛ የዕቃው መጠሪያ ስለ ሆነ ማንም ለብቻው ሊይዘው አይገባም።

ሸክላ ሠሪዎች በየግላቸው ማስመዝገብ ቢከብዳቸው በማኅበር ሆነው አንድ የጋራ ምልክት ሊይዙ ይችላሉ። አንዱ አባል ያልተተኮሰ ጥሬ ሥራ ቢያወጣ የሁሉም ስም ይጎዳልና እርስ በርሳቸው ይቈጣጠራሉ። ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ቡናችን አስተምሮናል፤ መንግሥታችን በ2005 እ.ኤ.አ. የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመልክቶ ብዙ ተከራክሮ፣ ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ ድርጅት ጋር በ1999 ዓ.ም. (በ2007 እ.ኤ.አ.) ስምምነት ላይ ደርሷል።

ደግሞም ምልክት የክብር ጉዳይ ነው። ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ይታወቃል። ስድቡን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ሠሪዋ ስሟን በሥራዋ ላይ አትማ ገበያ እንድትወጣ ማድረግ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነው።

፭ኛ፤ ሁሉን መቆለፍ ይገባልን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ድሃ አገር ፓተንት ምን ያደርግላታል? ብልሃት ሁሉ ለሕዝብ ይለቀቅ» ይላሉ። ይህም ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር በኩል «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ተሠርተው ወጡ። ምርጥ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ የሚጣል ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል። ላቀችም ከኬንያው የሸክላ ከሰል ምድጃ የተወሰደች ናት፤ የኬንያውም በተራው ከታይላንድ ምድጃ የተቀዳ ነው። እነዚህ ምድጃዎች ከቤት ወደ ቤት የተስፋፉት ብዙ ሰዎች አሠራሩን ተምረው በየከተማው ስላመረቱት ነው። ደን በተመናመነበት በጮቄ ተራራ ዙሪያ ላለች እናት ጥቅሙ ግልጥ ነው።

ሆኖም ብልሃቱን መልቀቅ ጥራቱንም መልቀቅ መሆን የለበትም። ማንም ሰው ሲሚንቶ ቀንሶ የሚፈረካከስ ምድጃ ጥሎ በዚያው ስም ቢሸጥ፣ ገዢዋ «ምድጃው አይረባም» ብላ ወደ ሦስት ጉልቻዋ ትመለሳለች። «ምርጥ»ም ሆነ «ላቀች» የማሞገሻ ቃላት በመሆናቸው ለብቻቸው ጠንካራ ምልክት ለመሆን ይቸገራሉ። እንግዲህ የተሻለው መንገድ፣ ብልሃቱን ለሁሉ ከፍቶ ምልክቱን ግን ለሚገባው ብቻ መስጠት ነው። ፓተንትና ምልክት ሁለት መሆናቸውን ያወቀ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ ያላወቀ ግን ወይ ሁሉን ይቆልፋል፣ ወይ ሁሉን ይጥላል።

፮ኛ፤ ለተማሪ የሚሆን ምክር

አንድ ጓደኛችን የሠራውን የተሻሻለ ምድጃ በኤግዚቢሽን ላይ ከነውስጡ ከፍቶ አሳይቶ ነበር። ብዙ ተጨበጨበለት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያንኑ ምድጃ በአንድ ሱቅ ሲሸጥ አየው። ለክስ የሚሆን አንዳች ወረቀት ግን በእጁ አልነበረም። ይህ እንዳይደርስባችሁ፦

አንደኛ፣ ከማሳየታችሁ በፊት አመልክቱ። አንዳንድ ሕግ ራሱ ፈጣሪው ለገለጠው ነገር የወራት ፋታ ይሰጣል፤ ቢሆንም ፋታን ተማምኖ መዘግየት አይገባም። ማመልከቻ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባለው ነው፤ በሥራ ላይ ያለውን ደንብና ክፍያ ከእርሱ ጠይቃችሁ ተረዱ።

ሁለተኛ፣ የሙከራችሁን መዝገብ በቀን በቀኑ ጻፉ፤ ስንት ዋት፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት እንጀራ እንደ ሆነ ይታወቅ። «ይሻላል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ከሸክላ ሠሪ ዘንድ የተማራችሁትን የራሳችሁ ግኝት አድርጋችሁ አትጻፉ። ብልሃቱ የእሳቸው ከሆነ ስማቸው በማመልከቻው ላይ ይግባ። የውጭ ሰው ጤፋችንን ወሰደ ብለን የምንቈጣ ሰዎች በገዛ እናቶቻችን ላይ ያንኑ ብናደርግ ነውራችን ይብሳል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ ወጡን የምታጣፍጠው ባለሙያዋ ናት። ነገር ግን ጉልቻው ተለውጦ ማገዶው በግማሽ ከቀነሰ፣ ያንን ጉልቻ ያሰበ ራስና የሠራ እጅ ሊታወቁ ይገባል። በሚመጣው ገበያ ወደ እኚያ እናት ተመልሼ፣ ምጣዱ ሳይደርቅ ከጠርዙ በታች አንድ የራሳቸው ምልክት እንዲያትሙበት ልነግራቸው አስቤአለሁ። የቀረውን፣ ማኅበር አቋቁሞ ማስመዝገቡን ማለቴ ነው፣ የሕግና የንግድ ክፍል ጓደኞቼ በበጎ ፈቃድ ቢያግዙ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙ ሳንርቅ ልንሠራው የምንችለው ሥራ ነው።